ጨለማ ላይ የታየ ካርታ

በሥራዬ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። ይህን ስል እንደ ትሕትና እንዳትቆጥሩብኝ፤ እንደ ትሕትና የቆጠሩብኝ ሰዎች ምን እንዳደረጉኝ ወደ በኋላ አጫውታችኋለሁ። ደባርቅ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እንደ ብዙው የሙያ ባልደረባዬ ጠመኔ እፈጃለሁ፣ ኖት አስገለብጣለሁ፣ ደወል ሲደወል ከተማሪዎቼ ቀድሜ ከክፍል እወጣለሁ። በዚህ ዓይነት ኑሮ ሰው እስከ ጡረታው በሰላም ይደርሳል። እኔ ግን አንድ ጊዜ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎበዝ ለመምሰል ሞከርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከእሱ አልወጣሁም።

ለመሞከሬ ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ ሰብለ ጎንደር ውስጥ ነርስ ናት፤ ልጃችንም ከእሷ ጋር ናት። ከደባርቅ ጎንደር ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ ዳባት ላይ «አንድ ሰው ብቻ» እያለ ካልተገተረ በስተቀር ጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ነገር ግን ቅዳሜ ደርሶ እሑድ የሚመለስ አባት እንግዳ ነው እንጂ አባት አይባልም። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መቼ ነው የምትሄደው?» ነው። አንድ ቅዳሜ አዲስ ጎረቤት መጥታ «ይኼ ማነው?» ብላ ብትጠይቃት «የደባርቁ ሰውዬ» አለቻት። ሰብለ ሳቀች። እኔም ሳቅሁና ጫማዬን ልጥረግ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጫማዬ ንጹሕ ነበር።

ዝውውር ስጠይቅ ያ አራተኛ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ማመልከቻዬ በአንድ ቃል ይመለሳል፤ «መካከለኛ»። የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ መካከለኛ ስለሆነ ቅድሚያው «ከፍተኛ» ላገኙት ነው ይሉኛል። ከፍተኛ ለማግኘት ደግሞ አዲስ ነገር መሥራት ያስፈልጋል። ዘመኑ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት የገነነበት ነበር። ተማሪው በቡድን በቡድን ተከፍሎ አንዱ ጎበዝ አምስቱን ይጎትታል፤ መምህሩም እንዲሁ። እኛ ቡድን ውስጥ የሚጎትት ሰው ስላልነበረ ስድስታችንም አንድ ቦታ ቆመን ነበር።

በዚያ ሰሞን የአሥር ቀን ሥልጠና መጣ። ሌላው ሁሉ ፈተና እያረመ ስለነበር እኔ ተላክሁ። አንድ ወጣት አሠልጣኝ ኢንተርኔት ላይ ያለ የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ዘረጋልን። እንደምታውቁት የምድር ቅርፊት እንደ ተሰነጠቀ የእንቁላል ልጣጭ ብዙ ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ፕሌት ይባላሉ፤ በዓመት የጣት ጥፍር የሚያድገውን ያህል ይንፏቀቃሉ፤ ሲገፋፉ ተራራ፣ ሲለያዩ ስንጥቅ ይፈጠራል። ይህን እኔም ለዓመታት በጠመኔ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በእኔ ሥዕል ግን አፍሪካ የበግ ጭን ነበር የምትመስለው። በዚህኛው ካርታ አንዷን ምልክት ስትነካ እሳተ ገሞራው ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ሌላዋን ስትነካ የመሬት መንቀጥቀጡ ቢጫ ይሆናል። ከታች ያለችውን መስመር ስትጎትት ዓመቱ በሚሊዮን ይቆጥርና ህንድ ከአፍሪካ ጉያ ወጥታ እስያን ስትገጭ ታያለህ። አሠልጣኙ «ተለማመዱ» ሲለን ሌላው ሰው ሂማላያን ይፈልጋል፤ እኔ ደባርቅንና ጎንደርን ፈለግሁ። አንድ ፕሌት ላይ ናቸው። ስንት ሚሊዮን ዓመት ብጠብቅ አንዷ ወደ ሌላዋ ስንዝር እንደማትጠጋ ያን ዕለት በሳይንስ አረጋገጥኩ። የቀረኝ ዝውውር ብቻ ነበር።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ፈንታሁን ደግ ሰው ናቸው። አንድ ድክመት አላቸው፤ ሪፖርት ከሥራ መቅደም አለበት ብለው ያምናሉ። ከሥልጠና ስመለስ ቢሯቸው ጠሩኝና ትምህርት ቤታችን በኢንተርኔት ካርታ ማስተማር መጀመሩን ከሳምንት በፊት ለበላይ አካል እንዳስታወቁ ነገሩኝ። እኔ ገና ሻንጣዬን አልፈታሁም።

«ሪፖርቱ ሄዷል፤ አንተ ደግሞ ትምህርቱን አድርስበት» አሉኝ። «በሚቀጥለው ወር ማብቂያ ቡድን መጥቶ ያያል። ካማረልህ ከፍተኛ ነው የምሞላልህ።»

ከፍተኛ የሚለውን ቃል ስሰማ ጎንደር ታየኝ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው። ደባርቅ ላይ ተቀምጦ ገደል አለማየት ደግሞ የራሱ ችሎታ ይጠይቃል፤ ሊማሊሞ ከትምህርት ቤታችን በእግር የሚደረስ ነው።

ካርታው ኢንተርኔት ላይ ነው ብያችኋለሁ። ኢንተርኔት ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ያየ የለም። ትምህርት ቤቱ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ላፕቶፑ ጎን ላይ ተሰክታ ኢንተርኔት የምታመጣ አንዲት ዶንግል ነበረው። ዶንግሏን ይዤ ያልቆምኩበት ቦታ የለም። ባንዲራው ሥር ቆሜያለሁ፤ የውሃ ታንከሩ ላይ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ጭጋግ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፌ ስዞር ያገኘኝ ዘበኛ ሌባ መስዬው በዱላ አባሮኛል። ሁለት ሳምንት ከተንከራተትኩ በኋላ አንድ ምስጢር ደረስኩበት። የደባርቅ ኔትወርክ የሚፈጥነው እሑድ ጠዋት፣ ሕዝቡ ስልኩን ዘግቶ ቅዳሴ ሲቆም ነው። ወንጌል ሲነበብማ ይበርራል።

በእሑዱ ላፕቶፑን ይዤ ስወጣ አከራዬ እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በር ላይ ተገናኘን። በሰንበት ወዴት ነው አሉኝ። ምድር እንደምትንቀሳቀስ ለተማሪዎቼ ላሳይ እየሄድኩ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ምድርንስ ባለቤቷ ያንቀሳቅሳት» አሉኝ። «አንተ ራስህን እንኳ ከደባርቅ ማንቀሳቀስ አቅቶህ የለም ወይ?»

ላፕቶፑን በጋቢዬ ሸፍኜ አለፍኩ። ከቅዳሴ የማስቀረቱን ኃጢአት በራሴ ወስጄ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ሰብስቤ ነበር። ካርታው ተከፈተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተከፈተ። ብርቱካን የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ወላጆቿ ከሊማሊሞ ሥር ናቸው። እሷ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ በየሳምንቱ ቁልቁል ትወርድና ስንቋን አዝላ ሽቅብ ትመለሳለች። ህንድ እስያን ስትገጭ ባየች ጊዜ «ወይኔ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። በማስተማር ዘመኔ ተማሪ እኔን ሲሰማ «ወይኔ» ያለው ውጤት ስናገር ብቻ ነበርና ደስታዬ ወሰን አጣ።

ሰው ደስ ሲለው ይሳሳታል። አፍሪካ ላይ ስንደርስ ሥዕሉ ትንሽ ደብዘዝ አለብኝ። ይጥራልኝ ብዬ ገጹን እንደገና የምትጭነውን ምልክት ነካኋት። ልክ በዚያች ቅጽበት ቅዳሴው አለቀ፤ ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ስልኩን ከፈተ። ካርታው ነጭ ሆነ፤ ነጭ እንደሆነም ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ መብራት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የቀረኝ አንድ እሑድ ብቻ ነበር፤ እሱም የንግሥ በዓል ላይ ውሎ ከየገጠሩ የመጣው ምእመን ሁሉ ታቦቱን በስልክ ሲያነሳ ዋለ።

ቡድኑ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ጀምሬዋለሁ። ያን ዕለት ያየነውን ከትዝታዬ ጻፍኩት። ስድስት ክሊክ አደረግሁትና በእያንዳንዱ ክሊክ ተማሪው ምን እንደሚያይ፣ አይቶም ምን እንደሚል ወሰንኩ። ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍ እንኳ ልጆቹ እንዳይደናገሩ በሚል ነው። የአንድ ለአምስት መሪዎቹ ጽሑፉን ተከፋፍለው አባሎቻቸውን ያስጠኑ ጀመር። በእረፍት ሰዓት ስወጣ መሪው «ክሊክ ሁለት» ይላል፤ አምስቱ በአንድ ድምፅ «የአረቢያ ፕሌት ከአፍሪካ እየራቀ መሆኑን እንመለከታለን» ይላሉ። ከፊታቸው የነበረው የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ነው።

በዚህ ላይ የጥንቱን የእጅ ሕግ አከልኩበት። ይህን ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ የተደረገብኝ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ክፍሉ ሁሉ እጁን ያወጣል። መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ከቀኞቹ ብቻ ይጠራል፤ እንግዳው የእጁን ብዛት አይቶ ይደነቃል። አንድ ልጅ ሁለቱንም እጁን አወጣ፤ ምነው ብዬ ብጠይቀው ግማሹን ብቻ እንደሚያውቅ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ከእኛ መካከል ሐቀኛ የነበረው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ቡድኑ መጣ። አምስት ናቸው፤ መሪያቸው ረጋ ያሉ፣ ባለ መነጽርና ባለ ወፍራም ፋይል ሰው ነበሩ። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ የራሴንና የእማማ ዘርፌን ብርድ ልብሶች መስኮቶቹ ላይ ሰቅያለሁ። መብራት አለ፤ ላፕቶፑ በርቷል፤ ከነጩ ገጽ መካከል አንዲት ክብ ትዞር ጀመር፤ ጠብቁ ማለቷ ነው። ከቡድኑ አንዱ አጠገቡ ላለው «የመሬት ዙረት ነው» ሲለው ሰማሁት። ሌላኛው ራሱን ነቅንቆ ጻፈ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ በዚያ ሰሞን ሞቶ ስለነበር እሱም አብሮ ጠፋ። በብርድ ልብስ በታፈነ ክፍል ውስጥ ጨለማው ሲወርድ እንዴት እንደሚከብድ ያላየው አያውቀውም። ለይቅርታ አፌን ስከፍት ብርቱካን ብድግ ስትል ሰማኋት። ተራዋ ነበር። «አሁን እንደምንመለከተው» አለች በጠራ ድምፅ፣ «ቀያዮቹ ነጥቦች እሳተ ገሞራዎች ሲሆኑ በፕሌቶች ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል።» ማስቆም ነበረብኝ። በዚያች ትንፋሽ በምታህል ጊዜ ማስቆም እችል ነበር። ግን «የደባርቁ ሰውዬ» የምትል የልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣችና፣ የሞተውን ማውስ ጨብጬ «ክሊክ ሁለት» አልኩ።

አምስቱም ገምጋሚዎች የስልካቸውን ባትሪ አበሩ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ብርሃኑን ግን ወደ ግድግዳው አላዞሩትም፤ ወደ ቅጻቸው ነው። ቅጹ ላይ የተማሪ ተሳትፎ የሚል አለ፣ የሰዓት አጠቃቀም የሚል አለ፣ ቴክኖሎጂ የሚል አለ። መብራት የሚል የለም። ልጆቹ ከክሊክ ክሊክ እየተቀባበሉ ሄዱ። አንዱ ጣቱን ወደ ጨለማው ቀስሮ «ቢጫው እየበዛ መሆኑን ልብ ይሏል» ሲል፣ አይ ሰው መሆን፣ እኔ ራሴ ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ አየሁ።

መሪው በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ አሉና ይህ ዓይነቱ ትምህርት ምን እንደጠቀማቸው ተማሪዎቹን ጠየቁ። በስልክ ብርሃን እጅ ሁሉ ወጣ። የእጁን ሕግ ስለዘነጉት ከኋላ ግራ እጁን ያወጣ ልጅ ጠሩ። ልጁ ተነሥቶ የሚያውቃትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ «ህንድ ከአፍሪካ ተለይታ እስያን በመግፋቷ ታላቅ ከፍታ ተገኝቷል።» መሪው ይህን አስበውበት ኖሮ «ጥሩ አባባል ነው» ብለው ጻፉት።

ይሄ ሁሉ ዛሬ ያስቀኛል። የማያስቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ብርቱካን እጇን አወጣች። ጽሑፉ ያለቀ ስለሆነ ምን ልትል እንደሆነ አላወቅሁም።

«ቲቸር» አለች፣ «ሊማሊሞን ስወጣ ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ነው ያለው። እሳት ያቃጠለው ይመስላል። ካርታው ላይ ግን እኛ ጋ ቀይ ነጥብ የለም። የኛ እሳት መቼ ነው የጠፋው?»

በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። መልሱንም አውቀው ነበር። ያ ጥቁር ድንጋይ የቀለጠ እሳት በየጊዜው እየፈሰሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ የሠራው ነው፤ ዘመኑም ካርታው ላይ በሚሊዮን ከሚቆጠረው ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ቱሪስት እሱን ለማየት ነው ደጃችን ድረስ የሚደክመው። እኔ ግን ፈራሁ። ከጽሑፉ ከወጣን ሁሉም ነገር ይገለጣል ብዬ ፈራሁ።

«እሱ የዛሬ ትምህርት አይደለም» አልኳት፤ «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በክፍሌ ውስጥ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

ከፍተኛ ተሞላልኝ። ከፍተኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሥራዬ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተቀመረ፤ ለሌሎች ይስፋ ተባለ። ሕሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ ልጆቹን በእግር ሊማሊሞ ወስጄ ድንጋዩን ላሳያቸው ብዬ አቶ ፈንታሁንን ፈቃድ ጠየቅሁ። በኢንተርኔት ካርታ ያስተምራል ተብሎ የተመዘገበ ሰው ተማሪ ነድቶ ድንጋይ ሊያሳይ ገደል ቢሄድ ወደ ኋላ መመለስ ሆኖ እንደሚታይ በጨዋ ቃል አስረዱኝ። እኔም የዝውውሩ ጊዜ ስለደረሰ አልተከራከርኩም። ለሰብለ ደውዬ ዘንድሮ ያለቀ ነው አልኳት። አልጋችን ለሦስት ስለሚጠብ ለልጅቷ አልጋ አሠራች።

የዝውውሩ ዝርዝር ወጣ። ስሜን ከላይ ወደ ታች ፈለግሁት፤ ከታች ወደ ላይም ፈለግሁት። ወደ ጎንደር የተዛወረው መምህር ጋሹ ነው። ጋሹን ልንገራችሁ፤ ተማሪዎቹን «በጸጥታ አንብቡ» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚተኛ፣ ሰው የማይጎዳ ባልደረባችን ነው። ነገሩ ስህተት መስሎኝ ሮጬ ወደ ቡድን መሪው ቢሮ ሄድኩ። ተነሥተው ተቀበሉኝ። ጋሹ ቦታ ቢለወጥለት ምናልባት ይነቃ ይሆናል ተብሎ እንደሆነ ገለጹልኝ።

«አንተን ግን መምህር» አሉኝ፣ «አንተን እንዴት እንልቀቅህ? ሞዴላችን እኮ ነህ። አንተ ከሄድክ ተሞክሮው ከማን ይቀሰማል?»

ወጥቼ ብዙ አሰብኩና አንድ መፍትሔ ብቻ ታየኝ፤ እውነቱን መናገር። ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። ካርታው እንዳልተከፈተ፣ መብራት ጠፍቶ እንደነበረ፣ ተማሪዎቹ ያላዩትን በቃላቸው እንደተናገሩ፣ እኔም ሞዴል ሳልሆን አታላይ መሆኔን ዘርዝሬ ፈረምኩበት። ከሞዴልነት ተሰርዤ እንደ ጋሹ እንድባረር ለመንኩ። መሪው መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙ። ይህን ያህል የሠራ ሰው ይህን ያህል ራሱን ዝቅ ሲያደርግ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ጨለማ እንደነበረማ እሳቸውም ያስታውሳሉ። «እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው፤ መብራት በሌለበት ቴክኖሎጂን መጠቀም። የወረዳዎቻችንን ችግር ነው የፈታኸው» አሉ። ደብዳቤዬን ከፋይሌ ጋር አያያዙት። በወሩ ከዳባት ሃያ መምህራን ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ፤ ብርድ ልብስ እንዴት እንደሚሰቀል አሳየኋቸው።

ለሰብለ የደወልኩት አመሻሽ ላይ ነው። ያልተዛወርኩት በጣም ጎበዝ ስለሆንኩ ነው አልኳት። የጨለማውን ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ ስለ ካርታው ያወራኋት የዚያን አንድ እሑድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላዋ ልጄ ለአንድ ሰው ስትዘፍን ይሰማኛል፤ ለአሻንጉሊቷ ይሆናል።

«ሰው ለልጁ ሲል ትንሽ አይሰንፍም?» አለችኝ ሰብለ።

ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን በቀለለኝ። እንዳታለልኩ፣ ስንፍናዬም ከበቂ በላይ እንደነበረ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። ቢሮው እውነቱን በፊርማዬ ነግሬው አላመነኝም። እሷ ግን ታምነኛለች። ስለዚህ ዝም አልኩ።